ብቅል ለሕፃን አጥሚት ይሆናል? ከመሀል ሜዳ የተላከልኝ ከረጢት ደግሞ ከታች ሻግቷል

የደብረ ብርሃን እናት (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ8 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ጡት ይጠባል። ከ6 ወሩ ጀምሮ ደግሞ አጥሚት አስጀምሬዋለሁ። ሳቀጥነው ሆዱ ቶሎ ይሞላል፣ ብዙም ሳይቆይ ርቦት ያለቅሳል። ሳወፍረው አንገቱን ያዞራል። ባለፈው ክትትል ኪሎው የሚገባውን ያህል አልጨመረም ተባልኩ።

ይህን የሰሙት አማቴ ከመሀል ሜዳ የገብስ ብቅል ላኩልኝ። ሁለት ኪሎ ይሆናል። "አጥሚቱ ላይ ጣል አርጊበት፣ ባልሽን ያሳደግኩት በሱ ነው" አሉኝ።

ዛሬ ሞከርኩት። ማንኪያ የሚያቆም ወፍራም አጥሚት ሠራሁ። ከእሳት አውርጄ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሬ አማሰልኩ። ቆሞ የነበረው ማንኪያ ቀስ እያለ ወደ ጎን ተኛ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አጥሚቱ ከማንኪያው ላይ እንደ እርጎ ይወርድ ጀመር። ጠብታ ውሃ አልጨመርኩም። ስቀምሰው ይጣፍጣል፣ ስኳር ግን አልነካውም። ደነገጥኩና ለልጁ ሳልሰጠው ቀረሁ።

ጎረቤቴ ደግሞ "ብቅል የጠላ ነው፣ ልጁን ልታሰክሪው ነው ወይ?" አለችኝ። በዚያ ላይ ከረጢቱን ስገለብጠው የታችኛው ጓል ሠርቷል። ስፈረክሰው አረንጓዴ ብናኝ ወጣ። የላዩ ንጹሕ ይመስላል። አማቴ ስንት ደክመው ያዘጋጁትን መጣል ከበደኝ። የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ።

እመ ጋን (ሰኞ ማታ)

ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ ጎረቤላ ነው ያደግኩት፣ አንኮበር። ብቅል ሳበቅል ከ40 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ብቅል ብቻውን አያሰክርም። ጠላ የሚሆነው ከጌሾው ጋር ተጠንስሶ፣ ተደፍድፎ፣ ጋን ውስጥ ቀናት ሲቆይ ነው። አንቺ የሠራሽው አጥሚት ወዲያው ተበልቶ የሚያልቅ ነው። ጉንቁል ስንበላ ሰክረን እናውቃለን እንዴ? ባቄላ ሲጎነቆልና ገብስ ሲበቅል አንድ ነገር ነው።

ግን አረንጓዴ ብናኝ ያልሽው አላማረኝም። ጥሩ ብቅል እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ። ገብሱን አበጥሬ፣ የተሰበረውን ለቅሜ አወጣለሁ። አንድ ቀን ተኩል ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ውሃውን ሁለቴ እቀይራለሁ። አጥልዬ በኮባ ቅጠል እጠቀልልና ድንጋይ እጭንበታለሁ። በሦስተኛው ቀን ከፍቼ እጄን ስከት ይሞቃል። ያን ጊዜ ማገላበጥ ግድ ነው። ካላገላበጥሽው መሀሉ ይታፈናል፣ ሽታውም ይለወጣል። ደህና የበቀለ ብቅል እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር ይሸታል። የምድር ቤት ሽታ ካለው ተበላሽቷል።

ከዚያ ሰሌን ላይ አሳስቼ ፀሐይ አሰጣዋለሁ። መድረቁን የማውቀው በጥርሴ ነው። ቀጭ ካለ ደርቋል። ከተላመጠ ገና ነው። አንኮበር ጉም ሲወርድ ስንት ብቅል አበላሽቶብኛል! እዚያ በክረምት ብቅል አላበቅልም።

የሕፃናት ምግብ (ማክሰኞ ጠዋት)

እህቴ፣ ጣርማበር አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። እናቶችን የማስተምረው ይህንኑ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ድስቱ ውስጥ ያየሽው ተአምር ወይም መርዝ አይደለም። ገብሱ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይፈጥራል። ሥራው ስታርችን መቆራረጥ ነው። አጥሚት የሚወፍረው ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ነው። አሚሌዙ ሲቆራርጠው ውሃው ይለቀቃል፣ አጥሚቱም ይቀጥናል። ጣፋጩ ደግሞ ማልቶስ ነው፣ ከራሱ ከስታርቹ የወጣ ስኳር።

ይሄ ለልጅሽ ምን ይጠቅማል? የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። ተራ ቀጭን አጥሚት አብዛኛው ውሃ ነው። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ ያገኘው ምግብ ግን ጥቂት ነው። በብቅል ሲሆን ዱቄቱን እጥፍ አድርገሽ ትጨምሪያለሽ፣ ልጁም ሳይታገል ይውጠዋል። በዚያው ኩባያ ሁለት እጥፍ ምግብ ገባ ማለት ነው። ሌላም ጥቅም አለው። እህል ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ሲበቅል ይቀንሳል።

አሁን ጥንቃቄው። ብቅል በእርጥበትና በሙቀት ለቀናት የቆየ እህል ነው። ለቡቃያው የተመቸው ለባክቴሪያም ይመቻል። ፀሐይ ያደርቀዋል እንጂ ጀርሙን አይገድለውም። ስለዚህ ብቅል ጨምረሽበት ሳታፈይ አትስጪው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አጥሚቱን አወፍረሽ አብስይ። አውርጂው፣ በረድ ይበል፣ ግን ገና ትኩስ ይሁን። እየፈላ ከጨመርሽው ኢንዛይሙ ወዲያው ይሞታል፣ አይቀጥንም። አንድ የሻይ ማንኪያ ብቅል ጨምረሽ አማስይ፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ከዚያ መልሰሽ እሳት ላይ ጣጂውና በደንብ ይፍላ።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ስለዚህ አረፋ ማየት ብቻ አይበቃም። አምስት ስድስት ደቂቃ ይንተክተክ። የተረፈውን ለማታ አታቆዪው።

ዱቄቱን ደግሞ በቀጭን ወንፊት ንፊው። የገብስ ገለባ የሕፃን ጉሮሮ ይወጋል። ብቅል ብቻውን ልጅ አያሳድግም፣ አጥሚቱ ውስጥ የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ትንሽ ዘይት ይግባበት። ኪሎውንም በየወሩ እያስመዘንሽ ተከታተይ።

የመንዝ ልጅ (ማክሰኞ ረፋድ)

ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ስለ ሻጋታው ለምን ይሄን ያህል እንደምትፈሩ አልገባኝም። እኛ ቤት ብቅል ሻገተ ተብሎ ተጥሎ አያውቅም። ሻጋታውን አራግፈን፣ መልሰን ፀሐይ አስጥተን እንፈጨዋለን። ማን ሞተ? እህል መጣል ነውር ነው። የልጁ እናት ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ስንቅ እንዴት ትጥላለች? ቢበዛ ለላም ትስጠው።

ላብራቶሪ (ማክሰኞ ከሰዓት)

ወንድሜ፣ እህል መጣል ነውር መሆኑን እኔም እናቴ ቤት ተምሬዋለሁ። ግን ሻጋታ አቧራ አይደለም፣ በማራገፍ አይለቅም። ላዩ ላይ የምታየው አረንጓዴ ፍሬው ነው። ሥሩ በዓይን አይታይም፣ እህሉ ውስጥ ገብቷል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። መርዙ በፀሐይም በመፍላትም አይጠፋም። ሻጋታው ቢሞት እንኳ መርዙ እዚያው ይቀራል።

"ማን ሞተ?" የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አፍላቶክሲን በአብዛኛው በአንድ ቀን አይገድልም። ጉበትን ነው ቀስ በቀስ የሚጎዳው፣ ከዓመታት በኋላ የጉበት ካንሰር እስከማምጣት ይደርሳል። ያን ጊዜ ብቅሉን የሚያስታውሰው ሰው የለም። የ8 ወር ሕፃን ደግሞ አካሉ ትንሽ ስለሆነ ያችው መጠን ትከብደዋለች።

ለላምም አይሰጥም። ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል። በጓሮ ዞሮ ልጁ ኩባያ ውስጥ ይገባል። እህቴ፣ የላዩ ንጹሕ ቢመስልም አንድ ከረጢት ውስጥ አብሮ ቆይቷልና ሙሉውን አስወግጂው።

የመንዝ ልጅ (ማክሰኞ ማታ)

የወተቱን ነገር አላውቅም ነበር። ሁለት ላም አለችን፣ አተላም የሻገተ እህልም እንሰጣለን። ከዛሬ ጀምሮ የሻገተውን እተዋለሁ። ትኩስ አተላስ ችግር አለው?

ላብራቶሪ (ማክሰኞ ማታ)

ትኩስ ከሆነ ችግር የለውም፣ ለላም ጥሩ መኖ ነው። ሦስት አራት ቀን ቆሞ መልኩ ሲለወጥ ነው መተው ያለብህ።

ቀወት ቆላ (ረቡዕ ጠዋት)

ከሸዋ ሮቢት ነኝ። እናንተ ስለ ገብስ ነው የምታወሩት፣ እኛ ቆላ ያለነው ብቅል የምናበቅለው ብዙ ጊዜ ከማሽላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከብት የማሽላ ቡቃያ በልቶ ሲወድቅ ያየ ሰው እዚህ መካከላችን አይጠፋም። በተለይ ዝናብ ጠፍቶ የጠወለገውን ወይም ታጭዶ መልሶ ያቆጠቆጠውን። ምክንያቱ ዱሪን የሚባል ነገር ነው፣ ሲላመጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይለቃል። በደረቁ የማሽላ ፍሬ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሲበቅል ግን በቡቃያውና በሥሩ ውስጥ ይበዛል። እኛ ደግሞ ብቅሉን ስናደርቅ ሥሩም ቡቃያውም ተጣብቆበት ነው የሚደርቀው።

እናቴ ሁልጊዜ የደረቀውን የማሽላ ብቅል በእጇ አሽታ፣ በሰፌድ አንፍሳ ሥሩን ታራግፈው ነበር። ምክንያቱን አትነግረንም፣ "ይመራል" ብቻ ትል ነበር። ትክክል ነበረች። ሥሩና ቡቃያው ተራግፎ፣ ተፈጭቶ፣ ድስቱ ሳይከደን በደንብ ሲፈላ የሚቀረው ይቀንሳል። ጥሬ የማሽላ ብቅል ግን በውሃ በጥብጦ መጠጣት ፈጽሞ አይገባም። ለሕፃን ከሆነ ባይሆን ይሻላል፣ ገብሱን ተጠቀሙ።

የሕፃናት ምግብ (ረቡዕ ጠዋት)

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን እኔም ማስተማሪያዬ ላይ እጨምረዋለሁ። ቆላ ወርጄ ሳስተምር የረሳሁት ነገር ነው።

ጋጋሪው (ረቡዕ ማታ)

ደብረ ብርሃን ዳቦ እጋግራለሁ። ብቅል ከጠላ ውጭ ለምን ይጠቅማል ለምትሉ፣ ዳቦ ላይ ሞክሩት። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ በደንብ የተነፋ የብቅል ዱቄት ይበቃል። እርሾው የሚበላው ስኳር ያገኛል። እንደኛ አገር ብርድ ላለበት ቦታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሊጡ ቶሎ ይነሳል፣ የዳቦው ፊት ያለ ስኳር ቀላ ይላል፣ ሽታው ቤት ይሞላል።

አታብዙት ግን። መጀመሪያ ጊዜ ሁለት እፍኝ ጨመርኩ። ዳቦው ላዩ አምሮ ወጣ፣ ስቆርሰው ውስጡ ቢላዋ ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ያልበሰለ መስሎኝ መልሼ ምድጃ አስገባሁት፣ አልዳነም። ስታርቹን ብቅሉ በልቶት ነበር። የዚያን ቀን 30 ዳቦ ጣልኩ።

የማሪያም አባት (ረቡዕ ማታ)

የኔን ጉዳይ ልጻፍ፣ አንድ ወላጅ ቢጠቀምበት። ሴት ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ አታድግም። የትል መድኃኒት ስንት ጊዜ ወሰደች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተመርምራ ሴሊያክ ነው ተባለ። ግሉተን አንጀቷን ያቆስለዋል። ግሉተን ያለው ስንዴና ገብስ ውስጥ ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ ውስጥ የለም።

እኛ ዳቦና በሶ አቁመን በጤፍ እንጀራ ብቻ አሳደግናት። ግን አልተሻላትም። ተደብቆ የቆየው ነገር ብቅል ነበር። ለጥንካሬ ብለን የምንበጠብጥላት የቸኮሌት ዱቄት ዕቃው ላይ "የብቅል ጭማቂ" የሚል ተጽፎበታል። ጠዋት ጠዋት የምትበላው የበቆሎ ቅንጬ መሰል እሽግም እንዲሁ። በቆሎ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ብቅል ሲባል ገብስ መሆኑን አላሰብኩም። ሌላው ወፍጮ ቤት ነው። ከኛ በፊት ገብስ ካስፈጩ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ጤፋችን ውስጥ ይገባል። አሁን ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ አግኝተናል። በስምንት ወር ቁመቷ ሲጨምር በር መቃኑ ላይ ምልክት እያደረግሁ ነው።

ለእህታችን ልጅ ይሄ ያስፈራ ማለቴ አይደለም። አብዛኛው ሰው ገብስ ይስማማዋል። ምልክቱን ግን እወቂው።

አዲስ ሙሽራ (ሐሙስ ጠዋት)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። የጠርሙስ ማልት በቀን ሁለት ትጠጣለች፣ "ደም ይጨምራል" ተብላ። ጥሩ ነው?

የሕፃናት ምግብ (ሐሙስ ከሰዓት)

ደም አይጨምርም። ለደም የሚጠቅማት ከጤና ጣቢያ የሚሰጣት የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ነው፣ እሱን አታቋርጥ። የጠርሙስ ማልት ስኳሩ ብዙ ነው። ማልቶስ ደግሞ የደም ስኳርን ቶሎ ከሚያነሱት አንዱ ነው። አንዳንዴ መጠጣቷ አይጎዳትም፣ በየቀኑ ሁለት ግን ይበዛባታል። በእርግዝና ስኳር የታየባት ከሆነ ትተወው። ስትገዛላትም አልኮል የሌለው መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብብ።

ባሶና ገበሬ (ሐሙስ ማታ)

ገብስ አምራች ነኝ፣ ባሶና ወራና። ሁሉንም አነበብኩ። እህሉ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አልጠየቀም።

ለዘር የሚሰጠን ገብስ መድኃኒት የተቀባ ነው። እንዲታወቅ ብለው ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ይቀቡታል። ዘርቶ የተረፈውን አጥቦ ብቅል የሚያደርግ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። በመታጠብ አይለቅም! ለዘር የመጣ ለዘር ነው። ሁለተኛ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ጎተራ ውስጥ ኪኒን የሚያስቀምጡ አሉ። እሱ የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሰው በሚያድርበት ክፍል ኪኒን የገባበት እህል መቀመጥ የለበትም። ሦስተኛ፣ ብቅል በማዳበሪያ ከረጢት አይቀመጥም። ፌስታልም ያልበዋል። የእህታችን ከረጢት ከታች የሻገተው በዚህ ይመስለኛል። ሳይደርቅ ታሽጎ፣ ላቡ ወደ ታች ወርዶ።

ለብቅል ፋብሪካ ገብስ ስናስረክብ መጀመሪያ የሚያዩት መብቀሉን ነው። ከመቶ ፍሬ 95 ካልበቀለ ችግር ነው። እቤትም ይሠራል። መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። በሦስተኛው ቀን ያልበቀለውን ቁጠሩ። ያልበቀለው ፍሬ የሞተ ነው፣ ሻጋታ የሚጀምረውም ከሱ ነው። የቆየና ነቀዝ የነካው ገብስ ብቅል አይሆንም። እመ ጋን የተሰበረውን የሚለቅሙት ለዚህ ነው።

እመ ጋን (ሐሙስ ማታ)

እውነት ብለሃል፣ ልጄ። እናቴ "የሞተው ሕያውን ያበላሻል" ትለኝ ነበር። ለቅመን ስናወጣ ለመልክ ይመስለኝ ነበር።

የደብረ ብርሃን እናት (ከአንድ ወር በኋላ፣ እሑድ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ ጣልኩት። ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፣ ዶሮ እንዳይለቅመው። ከዚያ አማቴ ጋ ደወልኩ። እንዳይከፋቸው እየፈራሁ ሻግቶ እንደነበር ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥለው "የኔው ጥፋት ነው፣ ዳመና ሆኖብኝ ሳይደርቅ ነው ያሰርኩት። መኪናው እንዳያመልጠኝ ብዬ" አሉ። እኔም አለቀስኩ፣ እሳቸውም።

አዲሱን እቤት አበቀልኩት። ሁለት ኩባያ ገብስ ብቻ። መጀመሪያ የመቶውን ፍሬ ፈተና ሠራሁ፣ 97 በቀለ። ሌሊቱ ስለሚበርድ ጥቅሉን ከምድጃው አጠገብ አሳደርኩት። ስድስት ቀን ፈጀ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አገላበጥኩ። የእርጥብ ሣር ሽታ ያላችሁኝ እውነት ነው! አራት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ፣ ማታ ማታ አስገባው ነበር። በጥርሴ ስነክሰው ቀጭ አለ። ሥሩን በእጄ አሽቼ አንፍሼ፣ ፈጭቼ፣ ሁለቴ ነፋሁት። አሁን ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ነው።

አጥሚቱን ባላችሁኝ መሠረት አወፍሬ አብስዬ፣ ብቅል ጨምሬ፣ ጠብቄ፣ መልሼ አፈላሁት። የሽምብራ ዱቄትና ትንሽ ዘይት አለበት። ልጄ ኩባያውን ጨረሰ። አንገቱን አላዞረም። ሐሙስ አስመዝኜው ነበር፣ 300 ግራም ጨምሯል።

አማቴ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ። "ፀሐይ ሲወጣ አበቅላለሁ፣ በጨርቅ ከረጢት ነው የማመጣው" ብለዋል።

እመ ጋን (እሑድ ማታ)

እልልል! ሲመጡ ከኔ ሰላም በያቸው። ጨርቁን ደግሞ አፍልተው ያጥቡት።